ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ስለ እህቴ ማህፀን ማንን ልጠይቅ?

የፍኖተ ሰላሟ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኛል።

ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከሰኔ ጀምሮ አንገቷ ላይ እብጠት ነበራት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። ከሳች። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄደን ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው አሉን። ሐኪሙ "ይሄ በደንብ የሚድን ነው" ብሎናል፤ ተመስገን። ኬሞው ከ11 ቀን በኋላ ይጀመራል።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ እማዬ ቡና እያፈላች ድንገት "ለመሆኑ መድኃኒቱ ማህፀኗን አይነካም?" አለች። ሁላችንም ዝም አልን። አባባ ተነስቶ ወጣ። እህቴ እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ነበረች፤ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም። ሐኪሙ ዘንድ የምንገባው ከአባባ ጋር ነው፤ እሱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አላነሳም። እሷም አፍራ አትጠይቅም። ደግሞስ "ነፍሷ ሳይተርፍ ስለ ልጅ ታወራላችሁ" ብንባልስ? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቀኑ እየሄደ ነው።


ከደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡52

እህቴ ጠይቂ። በእግዚአብሔር ስም ጠይቂ። አባትሽ ፊት ካፈርሽ ሐኪሙ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ተከትለሽ ጠይቂ።

እኔ በ29 ዓመቴ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝ። ያኔ ታጭቼ ነበር። ኦፕሬሽን ሆንኩ፣ ከዚያ ኬሞ ጀመርኩ። ስለ ፀጉሬ ተነገረኝ። ስለ ማስመለስ ተነገረኝ። ጥሬ ነገር እንዳልበላ ሁሉ ተነገረኝ። ስለ መውለድ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሞት አጠገቤ ቆሞ ስለ ልጅ ማሰብ ድፍረት መሰለኝ። ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ የወር አበባዬ ቀረ። "ከመድኃኒቱ ነው፣ ይመለሳል" አሉኝ። አልተመለሰም። ሌሊት እሳት የሆነ ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ይለበልበኛል። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ወለሉ ላይ እተኛ ነበር። በ31 ዓመቴ አረጥኩ። እናቴም አርጣለች፤ እሷ ግን ሰባት ወልዳ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ነፍሴን ያተረፉኝም እነሱ ናቸው። ግን ከዓመታት በኋላ አንዲት ሐኪም "ከኬሞው በፊት እንቁላል ማስቀመጥ የሚባል ነገር አለ እኮ" ስትለኝ፣ ካንሰር ነው የተባልኩ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። ገንዘቡ ላይኖረኝ ይችል ነበር። አዲስ አበባ መመላለሱም ላይሆንልኝ ይችል ነበር። ቢሆንም "አልችልም" የምለው እኔ ነበርኩ። ሳልጠየቅ ቀረ።


አባት ከቢቸና
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆች፣ አትቀየሙኝና እኔ የተለየ ነው የማስበው። የ6 ዓመት ልጄ ኩላሊቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ዊልምስ ነው ተብላለች። አዲስ አበባ አንዱ ኩላሊቷ ወጣ። አሁን ኬሞ ላይ ናት፤ ጨረርም ይቀጥላል ተብሏል። ሁለት በሬ ሸጫለሁ። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ቀጠሮ አልፎብን እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ። እኔ የምለምነው ልጄ እንድትኖርልኝ ብቻ ነው። የ6 ዓመት ሕፃን ወልዳ ትስማለች አትስምም ብዬ ሐኪም ፊት መቆም ነውር ይመስለኛል። መጀመሪያ ትዳንልኝ።


ሲስተር ከጣና ዳር
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡05

የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ቢንዛዛ ይቅርታ።

አያ የቢቸናው፣ እግዜር ይማርልዎት። "መጀመሪያ ትዳን" ያሉት ትክክል ነው። እኛም የምንለው እሱን ነው። ሕክምናው አንድ ቀን እንኳ መዘግየት የሌለበት ሕመም አለ፤ ያኔ ሌላው ሁሉ ይቆያል። ግን መጠየቅ ሕክምና አያዘገይም። አምስት ደቂቃ ነው። መልሱ "ለእሷ አያሰጋም" ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንድ ጭንቀት ቀነሰልዎት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሴት ልጅ የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ነው። የወር አበባ እስክታይ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራል። አዲስ አይጨመርም። አዝመራ የማይገባበት ጎተራ በሉት። እየተቀነሰ ሄዶ ሲያልቅ ማረጥ ይባላል። ጎተራው ኦቫሪ የሚባለው ነው፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ሁለት አለ። አንዳንድ ኬሞ ጎተራው ውስጥ ገብቶ ብዙውን በአንዴ ያጠፋዋል።

ሁሉም ኬሞ ግን እኩል አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሳይክሎፎስፋማይድ፣ አይፎስፋማይድ፣ ፕሮካርባዚን፣ ቡሱልፋንና ሜልፋላን ኦቫሪን የሚጎዱት ናቸው፤ የተወሰደው መጠን ሲደመር ጉዳቱም ይጨምራል። ቪንክርስቲንና ሜቶትሬክሴት በዚህ በኩል ብዙም አያሰጉም። ስለዚህ "ኬሞ ያመክናል ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ። "የእሷ መድኃኒቶች ስማቸው ማን ነው? ከነሱ ኦቫሪ የሚጎዳው የትኛው ነው?" በሉ። ስሙን በወረቀት አስጽፉ። ዕድሜም ወሳኝ ነው። ያው መድኃኒት የ17 ዓመቷንና የ38 ዓመቷን እኩል አይጎዳም፤ የልጅቷ ጎተራ ገና ሙሉ ነው።

ጨረር ደግሞ ሌላ ነው። አንገትና ደረት ላይ ቢሰጥ ኦቫሪ ሩቅ ነው። ዳሌ ላይ ሲያርፍ ግን ከባድ ነው። 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እንኳ ሳይሞላ የእንቁላሉን ግማሽ ሊያጠፋ ይችላል። ማህፀኑንም ይነካል። ማህፀን ገና ሳያድግ ጨረር ካገኘው በኋላ ፅንስ መሸከም ይከብደዋል፤ ውርጃና ያለ ቀኑ መውለድ ይበዛል። ለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ኦቫሪውን ከቦታው ከፍ አድርገው ከጨረሩ መንገድ ገለል የሚያደርጉበት ዘዴ አለ። አያ፣ የእርስዎ ልጅ ጨረሩ ጎኗ ላይ ስለሚሆን "ኦቫሪዋ ላይ ይደርሳል ወይ?" ብለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። የወር አበባ ያየች ልጅ እንቁላሏን ማስቀመጥ ትችላለች። ከ10 እስከ 14 ቀን የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። የወር አበባዋን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በየትኛውም ቀን ይጀመራል። ከዚያ እንቁላሎቹ ተቀድተው ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። ዓመታት ቢቆዩ አይበላሹም። የወር አበባ ላላየች ሕፃን ግን ይህ አይሆንም። ለእሷ ያለው መንገድ ከኦቫሪው ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። ደም ካንሰር ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ቁራጩ ውስጥ የካንሰር ሴል ተደብቆ መልሶ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጎሰረሊን የሚባል በየ28 ቀኑ የሚወጋ መርፌ አለ። ኦቫሪውን ያስተኛዋል። ከኬሞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል። በተለይ ጡት ካንሰር ላይ ያለ ጊዜው ማረጥን እንደሚቀንስ ታይቷል። የተቀመጠ እንቁላልን ግን አይተካም። "መርፌውን ወስዳለችና ጨርሰናል" እንዳትሉ።

የፍኖተ ሰላሟ፣ ለሆጅኪን በብዛት የሚሰጠው ኤቢቪዲ የሚባል የአራት መድኃኒት ቅንብር ነው። ያ ከሆነ ለኦቫሪ ከሚያሰጉት ውስጥ አይደለም። ግን ያ መሆኑን አረጋግጪ። እኔ ካርዷን አላየሁም።


የቡሬ እናት
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡30

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሰው ሁሉ በልቡ ይዞት የማይናገረው ነው። ያላገባች ልጅ እንቁላሏ ሲወጣ ክብሯ አይነካም ወይ? እኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቱን ከበሽታው አድነን ሌላ ነገር ላይ እንዳንጥላት ነው።


ሲስተር ከጣና ዳር
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡15

እናቴ፣ ደግ አደረጉ ጠየቁ። ብዙ ጊዜ እንቁላል የሚቀዳው በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መርፌ ነው፤ በአልትራሳውንድ እያዩ። ለድንግል ልጅ ግን አልትራሳውንዱን በሆድ ላይ አድርጎ፣ መርፌውንም በሆድ በኩል አስገብቶ መቅዳት ይቻላል። ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ነው። ከኦቫሪው ቁራጭ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ በሆድ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሆነ ከታች የሚነካ ነገር የለም።

እባካችሁ ይህን ለልጅቷ ራሷ አስረዷት። እኛ ክፍል ብዙ ጊዜ አባት ፈርሞ፣ አጎት ተማክሮ፣ ልጅቱ ግን ምን እንደሚደረግላት ሳታውቅ አልጋ ላይ ትወጣለች። ሰውነቱ የእሷ ነው።


የድማ ልጅ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ከእምነት በኩል አንድ ነገር ልበል። ጠበል ማስጠመቅ መልካም ነው፤ እኔም አምናለሁ። ጠበል ይዞ ኬሞ ማቋረጥ ግን አይገባም። የአክስቴ ልጅ ሁለት ኬሞ ወስዳ ስትሻላት አቁማ ሄደች። በፋሲካ ቀበርናት። ያንን ቀን አልረሳውም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የሚቀመጠው ፅንስ ነው ወይስ እንቁላል? ለንስሐ አባቷ ስትነግር በትክክል እንድትነግር ነው።


ሲስተር ከጣና ዳር
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 4፡00

ላላገባች ልጅ እንቁላሏ ብቻ ነው። ከወንድ ዘር ጋር አልተገናኘም። ባለ ትዳር ከሆነች ከባሏ ዘር ጋር ተዋህዶ ፅንስ ሆኖም ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሚደረግ ቀድሞ መለየት ጥሩ ነው።


ዳንግላ ተወልጄ ብራስልስ ያለሁ
ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 4፡25

ይህን ክር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። ከኦቫሪ የተቆረጠውን መልሶ ተክሎ ልጅ ማግኘት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው እዚሁ ቤልጅየም ነው፤ በፈረንጆች 2004። እናትየዋ የነበረባት ሕመም እንደ እህትሽ ሆጅኪን ሊምፎማ ነበር። በ1997 ሕክምናዋ ሳይጀመር ከኦቫሪዋ ተወሰደላት። ስትድን መልሰው ተከሉላት፤ ወለደች።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ የአንዲት አፍሪካዊት ታሪክ ነው። ከኮንጎ የመጣች ልጅ ናት። ካንሰር አልነበረባትም። ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት በሽታ ነበረባት፤ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋት ነበር። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኃይለኛ መድኃኒት ኦቫሪን ያጠፋል። ስለዚህ 14 ዓመት ሳይሞላት፣ የወር አበባም ገና ሳታይ፣ አንዱን ኦቫሪዋን አውጥተው ቆራርጠው አስቀመጡላት። ከ10 ዓመት በኋላ መልሰው ተከሉት። በ2014 በ27 ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ያን ጊዜ የሕፃኗ ሐኪሞች "ገና ልጅ ናት" ብለው ቢያልፉት ኖሮ ያ ልጅ የለም።

አያ የቢቸናው፣ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። ለእርስዎ ልጅ ይህ ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም። ግን ስለ ሕፃን ልጅ መውለድ መጠየቅ እዚህ የተለመደ ሥራ ነው። ሐኪሙ ራሱ ነው የሚያነሳው።


የሞጣው
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 12፡50

ባለቤቴ በ19 ዓመቷ ሊምፎማ ታማ ድናለች። ሽማግሌ ልልክ ስል "ቆይ" አለችኝ። ሜዳ ላይ ወስዳ ሁሉን ነገረችኝ። "ላልወልድልህ እችላለሁ። ካወቅክ በኋላ ላክ" አለች። ላክሁ። ለቤተሰቤ አልነገርኩም፤ ያ የሁለታችን ነው።

ሁለት ዓመት ሳንወልድ ቆየን። ጎረቤት ማውራት ጀመረ። ከዚያ አረገዘች። አሁን ሴት ልጃችን 4 ዓመት ሆኗታል። ግን ያ ዘጠኝ ወር ጭንቅ ነበር፤ ሰው "መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ስላለ ልጁ ጎዶሎ ይሆናል" ይል ነበር። ሐኪሟ አረጋጋን። ኬሞ ወስደው ድነው የወለዱ ሴቶች ልጆች ላይ ከሌላው ሰው የተለየ የአፈጣጠር ችግር አልታየም አለን። በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው ለብቻው የሚታየው። ይህን ጎረቤት ለሚያወራባችሁ ንገሩት።


ከደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡05

የሞጣው ወንድሜ፣ ሚስትህ ጎበዝ ናት። አንተም። የእኔ እጮኛ ዝም ብሎ ጠፋ።


ሲስተር ከጣና ዳር
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡40

የማርቆሷ እህቴ፣ አይዞሽ ብዬ ብቻ አላልፍም። በ31 ዓመት ማረጥ አጥንትን ያሳሳል። የአጥንትሽን ነገር ሐኪምሽን አንሺበት። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት የሆርሞን ክኒን በራሷ ገዝታ መውሰድ የለባትም፤ ለሙቀቱ ሌላ መድኃኒት አለ።

ሌሎችም የምታነቡ፦ ኬሞ ላይ እያላችሁ የወር አበባ ቀረ ማለት አታረግዙም ማለት አይደለም። ባለ ትዳር የሆናችሁ መከላከያ ያዙ፤ ኬሞ ፅንስን ይጎዳል። የወር አበባ ተመለሰ ማለትም ጎተራው እንደ ድሮው ሞልቷል ማለት አይደለም። የመውለጃ ጊዜያችሁ ሊያጥር ይችላል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፌን የምትወስዱም ክኒኑ ላይ እያላችሁ አታርግዙ። በ2023 የወጣ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ከወሰዱ በኋላ ለመውለድ እስከ 2 ዓመት ማቋረጥ በአጭር ጊዜ ሲታይ በሽታውን እንዳልመለሰ አሳይቷል። ግን ከሐኪም ጋር እንጂ በራስ አይደለም።

ለሕፃናቱ ወላጆች ደግሞ፦ ልጅቱ ከዳነች በኋላም ተከታተሏት። እስከ 13 ዓመቷ ጡት ካላጎጠጎጠች፣ ወይም እስከ 15 የወር አበባ ካላየች "ገና ናት" ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ሆርሞን ሊያስፈልጋት ይችላል።

አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ከካንሰር ሐኪማችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ላይ ኬሞው የሚጀመርበት ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ካልተጻፈ ተራ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ማደሪያ ለሚቸግራችሁ ደግሞ የሕፃናት ካንሰር ከሆነ ተስፋ አዲስ የሚባለውን የወላጆች ድርጅት ጠይቁ።


የፍኖተ ሰላሟ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡30

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ያላችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ማታ ለእህቴ አነበብኩላት። ሲስተር "ልጅቷ ራሷ" ያለችው ልቤ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "እኔ ነኝ የምጠይቀው" አለች። እኔ አላመንኳትም።

ባሕር ዳር ስንሄድ አባባን "ትንሽ ውጭ ጠብቀን" አልኩት። አየኝ። ምንም ሳይል ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። የተረዳው ይመስለኛል። እህቴ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ሳትል "ስድን መውለድ እችላለሁ?" አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ያን ሁሉ ወር ለእኔና ለአባባ ነበር የሚያወራው፤ ያን ቀን መጀመሪያ ለእሷ አወራ።

መድኃኒቱ ሲስተር ያለችው ኤቢቪዲ ነው። በየ15 ቀኑ ነው፤ 12 ጊዜ። ስድስት ወር ማለት ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የለበትም። በዕድሜዋም በመድኃኒቱም አደጋው ትንሽ ነው አለ። አሁን ለእንቁላል ብለን ኬሞውን ብናዘገይ ጥቅሙ እንደማይታየው ነገረን። ግን ያላሰብኩትን ነገር ጨመረ። በሽታው ተመልሶ ከመጣና ጠንካራ መድኃኒት ወይም ንቅለ ተከላ ካስፈለገ፣ ያኔ ከመጀመሩ በፊት እንደገና እንጠይቅ አለ። "ያኔ ነው በር የሚዘጋው" አለ። ካርዷ ላይ ጻፈው። እህቴ "እኔም ልጻፈው" ብላ ደብተሩ ላይ ጻፈች።

ስንወጣ አባባ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። "ምን አላችሁ?" አለ። "ደህና ነው" አልኩት። "ማህፀኗስ?" አለኝ። በአባባ አፍ ይህን ቃል ስሰማ እንባዬ መጣ። ለካ እሱም ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሲብሰለሰል ኖሯል።

ኬሞው ጥቅምት 15 ይጀመራል።


አባት ከቢቸና
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 12፡40

ሲስተር፣ ሁሉንም አነበብኩ። ትናንት ልጄ ከእህቷ ሕፃን ጋር ስትጫወት አየኋት። በነጠላ አዝላው "እሹሩሩ" ትለዋለች። ሌሊቱን አልተኛሁም።

የጨረር ቀጠሯችን ጥቁር አንበሳ ማክሰኞ ነው። እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልክ መሆኑን እዪልኝ። "ጨረሩ የልጄ ኦቫሪና ማህፀን ላይ ይደርሳል ወይ? ከደረሰ ማራቅ ይቻላል ወይ? የምትወስደው ኬሞ ስሙ ምንድን ነው?" የምናገረው ከሆነ ይጠፋብኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።


ሲስተር ከጣና ዳር
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 1፡15

አያ፣ ልክ ነው። አንድ ብቻ ይጨምሩበት፦ "መጠኑ ስንት ግሬይ ነው?" መልሱን እዚያው ያስጽፉት፤ ወረቀቱን ከኦፕሬሽኑ ወረቀት ጋር አብረው ያስቀምጡላት። ስታድግ ትፈልገዋለች።